የዓሣውን ዕድሜ ሳታረጋግጡ ሕዋሱን አትቁጠሩ

ይህን የምጽፈው በዜብራፊሽ የመከላከያ ሕዋሳትን ማጥናት ለጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። በተለይ ደግሞ ውጤታችሁ ዛሬ እሺ ብሎ ነገ እምቢ ለሚላችሁ። የዶክትሬት ጥናቴ እኩሌታ የቆመው በአንድ ግኝት ላይ ነበር። ግራፉ ጥርት ያለ፣ ፎቶው ልብ የሚሞላ ነበር። በመጨረሻ ግን ያየነው የጂኑን ሥራ ሳይሆን የዕድገት መዘግየት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ለመውጣት ብዙ ወራት ፈጀብኝ፤ እንቅልፍም አጣሁበት። እናንተ በዚያው መንገድ እንዳታልፉ የምችለውን ያህል ልንገራችሁ።

ዓሣዋን ለማያውቃት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ዜብራፊሽ ከደቡብ እስያ ወንዞችና ኩሬዎች የመጣች፣ አድጋ እንኳ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ትንሽ ዓሣ ናት። ለዘረመል ጥናት ያበቃት በኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው፤ መንገድ ከፋች የሆነው ጽሑፉ በ1981 ወጣ። በ1996 ደግሞ ቱቢንገንና ቦስተን የነበሩ ሁለት ቡድኖች የሰፊ ፍለጋቸውን ውጤት አንድ ላይ አሳተሙ። የጽንስ ዕድገትን የሚያዛቡ ብዙ ሚውቴሽኖች ባንድ ጊዜ ታወቁ። ሙሉ ጂኖሟ በ2013 ሲታተም ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ዘመድ በዚህች ዓሣ ውስጥ እንዳላቸው ታየ።

እኛን፣ የመከላከያ ሕዋሳትን የምናጠናውን፣ የሚማርከን ግን ሌላው ነገር ነው። ዕንቁላሉ የሚዳብረው ከእናቱ ውጭ፣ ውኃ ውስጥ ነው። ጽንሱ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል ማለት ይቻላል። በ28.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ካደገ በ24 ሰዓት ውስጥ ልቡ መምታት ይጀምራል፤ በዚያው ዕድሜ የመጀመሪያዎቹ ማክሮፌጆች (ጀርምና የሞተ ሕዋስ የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት) በአስኳሉ ላይ ሲንሸራሸሩ ይታያሉ። በሁለተኛው ቀን ወደ ቁስልና ወደ ጀርም ቀድመው የሚሮጡት ኒውትሮፊሎች ይመጣሉ። በቲ እና ቢ ሕዋሳት የሚመራው፣ ጀርሙን ለይቶ የሚያስታውሰው መከላከያ ግን ለሥራ የሚበቃው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብሮ የሚወለደውን መከላከያ ብቻውን፣ በሕይወት ባለ እንስሳ ውስጥ፣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። አንድ ኒውትሮፊል ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ቁስል ሲሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ውበት ነው። ሁሉም ነገር በሰዓታት ውስጥ ይገነባል። ጠዋት ያልነበረ የሕዋስ ዓይነት ማታ አለ። እንግዲህ ሁለት ሳህን ዓሣ ስታነጻጽሩ አንዱ በጥቂት ሰዓት ወደኋላ ከቀረ፣ ምንም ዓይነት ጂን ሳይነካ የሕዋሳቱ ቁጥር ይለያያል። የሦስት ዓመት ልጅን ከአምስት ዓመት ልጅ ጎን አቁሞ “ይሄ ለምን አጠረ?” ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ወደ ታሪኬ ልግባ። የያዝነው ጂን በኒውትሮፊሎች ውስጥ በብዛት የሚሠራ ነበር። ስሙን አላነሳም፤ ነገሩ ስለ ጂኑ አይደለምና። በጊዜው ላብራቶሪያችን የለመደው ሞርፎሊኖ መጠቀም ነበር። ሞርፎሊኖ የጂኑ መልእክት ወደ ፕሮቲን እንዳይለወጥ የሚያግድ አጭር ሰው ሠራሽ ሰንሰለት ነው። ዕንቁላሉ ገና አንድ ሕዋስ እያለ በቀጭን መርፌ ይወጋል። በሁለት ቀን መልስ ይሰጣል። ፈጣን ነው፤ ፈጣን መሆኑም ያታልላል።

ኒውትሮፊሎቻቸው አረንጓዴ የሚያበሩ ዓሣዎችን ወስደን ወጋን። በሁለተኛው ቀን ስናይ የተወጉት ላይ አረንጓዴዎቹ ነጠብጣቦች በግልጽ ቀንሰዋል። የጅራታቸውን ጫፍ ስንቆርጥም ወደ ቁስሉ የሚመጡት ጥቂት ናቸው። ደጋገምነው፤ ያው ነው። አማካሪዬ ደስ አላቸው። እኔም ጽሑፉን በልቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ከዚያ ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ ጂኑን በቋሚነት ያበላሸንበት ዘር ደረሰልን። ክሪስፐር በዚህች ዓሣ ላይ እንደሚሠራ የታየው በ2013 ነው። ዘሩን ማርባት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ትውልድ ለመውለድ እስኪደርስ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፣ ትውልዱም አንድ ብቻ አይበቃም። ያን ሁሉ ጠብቀን ስንቆጥር ኒውትሮፊሎቹ ልክ ናቸው። ምንም አልጎደለም። ሳህኑን ቀይሬ እንደገና ቆጠርኩ። ያው ሆነ።

ይህ የሚደርሰው በኛ ብቻ አይደለም። በ2015 የወጣ አንድ ሰፊ ንጽጽር በሞርፎሊኖ የታዩ ብዙ ጉድለቶች ጂኑ በተበላሸባቸው ዓሣዎች ላይ እንደማይታዩ አሳየ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሌላ ቡድን ተቃራኒ የሚመስል ነገር አመጣ፦ ጂኑ በቋሚነት ሲበላሽ ሌሎች ጂኖች ሥራቸውን ጨምረው ጉድለቱን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። የኔ ጭንቀት የኔ ጉዳይ በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ ነበር። የማካካሻው ማብራሪያ ውጤቴን ያድንልኝ ስለነበር እሱን ሙጥኝ አልኩ። ለብዙ ሳምንታት “የትኛው ጂን ነው የሚሸፍነው?” እያልኩ ስፈልግ ከረምኩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ይህን ያዙልኝ። ሁለቱን ማብራሪያዎች የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ሞርፎሊኖውን ጂኑ አስቀድሞ በተበላሸበት ዓሣ ላይ ውጉት። ዒላማው እዚያ የለም። ስለዚህ ሞርፎሊኖው ንጹሕ ከሆነ ምንም ለውጥ ማምጣት የለበትም። ለውጥ ካመጣ ግን የሚነካው ሌላ ነገር ነው። ይህን ፈተና በመጀመሪያው ሳምንት አድርጉት፤ ከዓመት በኋላ አይደለም። እኛ ስናደርገው ዒላማው በሌለበት ዓሣም ኒውትሮፊሎቹ ቀነሱ። ያን ቀን ማታ ወደ ቤቴ የሄድኩት በጣም ከፍቶኝ ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ የነገሩን ግን ፕሮፌሰሮቹ አይደሉም። ዓሣዎቹን የሚንከባከቡልን ሰው ናቸው። ዕንቁላል ሲለቅሙ፣ ሲያጸዱ፣ ሲመግቡ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ናቸው። ሳህኖቹን በማይክሮስኮፕ እያየሁ ሳለ ጎንበስ ብለው አዩና፣ “እነዚህ እኮ ከነዚያ ያንሳሉ” አሉኝ። “እኩል ቀን የተወለዱ ናቸው” አልኳቸው። “ቀኑን አይደለም የምልሽ፤ ዓሣውን እይው” አሉኝ።

አየሁት። ጽንሱ ሲያድግ ወደ አስኳሉ አጎንብሶ የነበረው ጭንቅላቱ ቀስ በቀስ ቀና ይላል፤ በዓይኑና በጆሮው መካከል ያለው ክፍተትም ይጠብባል። ኪመልና ባልደረቦቹ በ1995 ያሳተሙት የዕድገት ደረጃዎች መለኪያ የሚጠቀምባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። እኔ በሰዓት እየቆጠርኩ እንጂ ምልክቶቹን እየለካሁ አልነበረም። ስለካቸው የተወጉት ዓሣዎች ካልተወጉት በሰዓታት ወደኋላ ቀርተዋል። በዕድገት ደረጃ እኩል የሆኑትን ብቻ መርጬ ስቆጥር የኒውትሮፊሎቹ ልዩነት አብዛኛው ጠፋ። የቀረችውም ጥቂት ልዩነት ከሳህን ሳህን የምትዋዥቅ ነበረች።

መዘግየቱ ከየት መጣ? ከፊሉ ከሞርፎሊኖው መርዛማነት ነው። ከፊሉ ግን ከጠረጴዛችን ነበር። የምንወጋቸው ዕንቁላሎች በክፍሉ ሙቀት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር፣ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ያልተወጉት ማነጻጸሪያዎች ግን ከመጀመሪያው ኢንኩቤተር ውስጥ በ28.5 ዲግሪ ተኝተው ያድጋሉ። ይህ ብቻውን ልዩነት ይፈጥራል። በ28.5 ዲግሪ 24 ሰዓት የሚወስደው ዕድገት በ25 ዲግሪ 30 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሦስት ዲግሪ ተኩል ስድስት ሰዓት አስቀረ ማለት ነው። የኢንኩቤተሩ የፊትና የኋላ መደርደሪያ እንኳ እኩል ላይሞቁ ይችላሉ፤ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ እዩት።

ስለዚህ ማነጻጸሪያችሁም ይወጋ። ባዶ ፈሳሽ ወይም ዒላማ የሌለው ሰንሰለት ይሁን፤ ብቻ ያው መርፌ፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ቆይታ ይድረሰው። የሁለቱም ሳህን የዕንቁላል ቁጥር እኩል ይሁን። የተጨናነቀ ሳህን ዕድገት ያዘገያል፤ ከተወጉት ደግሞ ብዙ ስለሚሞት ሳህኑ በራሱ ይሳሳል። በየቀኑ የሞቱትን ልቀሙ፣ ውኃውን ቀይሩ። ለመቁጠር ስትቀመጡ ከሕዋሱ በፊት የዓሣውን ደረጃ መዝግቡ። በመመዝገቢያችሁ ላይ “ሰዓት” ከሚለው አምድ ጎን “ደረጃ” የሚል አምድ ጨምሩ። ሌላውን ምክሬን ብትረሱ እንኳ ይህን አምድ አትርሱ።

ይህ ለኒውትሮፊል ብቻ አይደለም የሚሠራው። የደም ግንድ ሕዋሳት የሚወለዱት ከዋናው የደም ቧንቧ፣ ከአኦርታው የታችኛው ግድግዳ ነው። በ2010 የወጡ ጥናቶች ሕዋሶቹ ከግድግዳው ተላቀው ሲወጡ በቀጥታ ቀርጸው አሳይተዋል። ከዚያ ወደ ጅራቱ አካባቢ ይሄዳሉ፤ ቀጥለው የቲ ሕዋሳት ወደሚያድጉበት ታይመስና ወደ ኩላሊት ይገባሉ። በዚህች ዓሣ የመቅኔን ሥራ የሚሠራው ኩላሊት ነው። ሕዋሶቹ በየሰዓቱ መንገድ ላይ ናቸው። የዘገየ ዓሣ በጅራቱ ውስጥ ያነሱ የግንድ ሕዋሳት ቢያሳይ “ጂኑ ለግንድ ሕዋስ ያስፈልጋል” ለማለት መቸኮል ቀላል ነው። ማይክሮግሊያም እንደዚያው ናቸው። ማክሮፌጆች ወደ አንጎል ገብተው ማይክሮግሊያ የሚሆኑት በሦስተኛው ቀን አካባቢ ነው። በዚያ መስኮት ግማሽ ቀን መዘግየት ባዶ የሚመስል አንጎል ያሳያል። መፍትሔው አንድ ሰዓት መርጦ መቁጠር ሳይሆን በተከታታይ ሰዓታት መቁጠር ነው። የዘገየ ብቻ ከሆነ ኩርባው ወደ ጎን ተንሸራትቶ ኋላ ይደርሳል። እውነተኛ ጉድለት ከሆነ አይደርስም።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው የሙከራውን አሠራር ስንቀይር ነው። ሁለት ሳህን ማነጻጸር ትተን አንድ ሳህን ያዝን። አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ የያዙ ወንድና ሴት ዓሣ ተገናኝተው የጣሉትን ዕንቁላል አንድ ላይ እናሳድጋለን። ሩቡ ያህል ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት፣ ሩቡ ጤነኛ፣ የቀረው በመካከል ይሆናል። ማን ማን እንደሆነ ግን በዓይን አይታወቅም። ሁሉንም ፎቶ እናነሳለን፣ ሁሉንም እንቆጥራለን፣ ከዚያ ብቻ እያንዳንዱን ለዘረመል ምርመራ እንልካለን። ያው ወላጅ፣ ያው ውኃ፣ ያው ሙቀት። የሚቆጥረውም ሰው መልሱን ስለማያውቅ እጁ ወደሚፈልገው አያደላም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ከምትቆጥሩት ውስጥ ሩቡን ነውና የምትፈልጉት። ሆኖም ከዚህ የበለጠ እረፍት የሰጠኝ አሠራር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እናትየዋ በዕንቁላሉ ውስጥ የራሷን መልእክትና ፕሮቲን ታስቀምጣለች። የጽንሱ የራሱ ጂኖች በስፋት መሥራት የሚጀምሩት ሦስት ሰዓት ገደማ ቆይተው ነው። ስለዚህ እናትየዋ ጤነኛ ቅጂ ካላት የእሷ ስንቅ የልጁን ጉድለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሸፍን ይችላል። ጂናችሁ ቀድሞ የሚሠራ ከሆነ የእናትየዋም ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበትን ዙር አርቡ።

ስታቲስቲክሱን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ከአንድ ጥንድ በአንድ ጠዋት የተገኙ ብዙ እጮች አንድ ዙር ናቸው። ወንድምና እህት ናቸው፣ አንድ ሳህን ውስጥ አድገዋል። ሙከራውን ደገምኩ የምትሉት በሌላ ቀን ከሌላ ጥንድ ሌላ ዙር ስታገኙ ነው። በአንድ ዙር እጅግ ትንሽ የነበረ፣ ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም የሚያሰኝ ፒ ዋጋ በሚቀጥለው ዙር ሲተን አይቻለሁ። ግራፋችሁ ላይ ዙሮቹን በቀለም ለይታችሁ ሳሏቸው፤ እውነቱ ወዲያው ይታያል።

አሁን ስለ ሕዋሶቹ ጠባይ። ኒውትሮፊል የሚመልሰው እናንተ ለጠየቃችሁት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለእጃችሁም ይመልሳል። ጽንሱን ከዕንቁላሉ ሽፋን ስታወጡት ፒንሴት ጅራቱን ከነካው ኒውትሮፊሉ እዚያ ይሰበሰባል። የሞቱ ዕንቁላሎች በበሰበሱበት ውኃ ያደረ ዓሣ ገና ከመነሻው የተቆጣ ነው። ስለዚህ ጅራት ከመቁረጣችሁ በፊት ያልተቆረጡትን በደንብ እዩ። ያልተቆረጡት ጅራት ላይ ሕዋስ ተሰብስቦ ካገኛችሁ የዚያን ቀን ሙከራ አቁሙ። ውኃውን፣ መሣሪያውን፣ እጃችሁን አስተካክሉና በሌላ ዙር ጀምሩ። ያን ቀን መተው ከባድ ነው፤ ውጤቱን ተሸክሞ መኖር ግን ይብሳል።

አቆራረጡም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። የጀርባ ዘንጉን ጫፍ ከነካችሁት ቁስሉ ሌላ ቁስል ይሆናል፤ የሚጠራውም የሕዋስ ብዛት ይለያል። በ2009 የታተመ ጥናት ከቁስሉ ጠርዝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በደቂቃዎች ውስጥ እየተሠራጨ የመጀመሪያዎቹን ሕዋሳት እንደሚጠራ በዚህችው ዓሣ ላይ አሳይቷል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቁጥራቸው ጣሪያ ይነካል፤ በቀጣዩ ቀን አብዛኞቹ ሄደዋል። ደግሞ ሁሉም እዚያው አይሞቱም፤ የመጡበትን መንገድ ይዘው የሚመለሱ አሉ። ስለዚህ “በቁስሉ ላይ ብዙ ኒውትሮፊል አለ” ማለት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ብዙ መጡ፣ ወይም የመጡት አልሄዱም። መለየት የምትችሉት በተከታታይ ካያችኋቸው ብቻ ነው። ይህች ነጥብ ኋላ ጥናቴን አድናዋለች።

ባክቴሪያ ለምትወጉ ደግሞ፣ መጠኑን በመርፌው አትመኑ። የመርፌው ጫፍ በትንሹ ሲሰበር የሚወጣው ፈሳሽ ይቀየራል፤ ባክቴሪያውም ቱቦው ውስጥ ይዘቅጣል። ከሙከራው በፊትም በኋላም ያንኑ መጠን ባክቴሪያ በሚበቅልበት የላብራቶሪ ሳህን ላይ ጣሉና የሚበቅለውን ቁጠሩ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓሣ እኩል መወጋታቸውን የምታውቁት እንዲያ ነው። የሁለቱን ቡድኖች ተራም አቀላቅሉ፤ አንዱን ቡድን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ የሆነው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም በእጮቹ ውስጥ ማክሮፌጆች ተሰባስበው ግራኑሎማ የተባለውን የሕዋስ ጉብታ መሥራት እንዲጀምሩ ያደርጋል፤ ያውም የቲ ሕዋሳት ሳይኖሩ። ይህ በ2002 ሲታይ ትልቅ ዜና ነበር። መነሻው መጠን እኩል ካልሆነ ግን ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ ይዛባል።

ስለ ኬሚካሎቹ ጥቂት። ጥቁር ቀለም እንዳይወጣ የምንጨምረው ፒቲዩ በተለመደው 0.003 በመቶ ይሠራል፤ ግን የታይሮይድን ሥራ ይነካል። ካስፈለገ ለሁሉም ቡድን እኩል ስጡ፤ ካላስፈለገ ተዉት። ላደጉ ዓሣዎች ከሆነ በ2008 የቀረበው ካስፐር የተባለ ዘር አለ፤ ሲያድግም ቀለም አያወጣም። ፈንገስ ለመከላከል ውኃው ላይ የሚደረገው ሜቲሊን ብሉ በፍሎረሰንት ፎቶ ላይ ሊረብሽ ስለሚችል ከቀረጻ በፊት በንጹሕ ውኃ አጥቡ። ማደንዘዣው ትሪኬይን ደግሞ በተፈጥሮው አሲድ ነው፤ ፒኤቹን ወደ 7 ሳታስተካክሉ ከተጠቀማችሁ ዓሣው ይሠቃያል፣ ሕዋሶቹም ይረበሻሉ።

ሌሊቱን ሙሉ ስትቀርጹ በፊልሙ መጨረሻ ልቡ እየመታ መሆኑን አረጋግጡ። ደሙ የቆመ ዓሣ ሕዋሶቹ ለጊዜው ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚያሳዩት ግን የሞትን እንጂ የመከላከያን ሥራ አይደለም። ዓሣውን አጣብቆ የሚይዘው ጄል፣ አጋሮዙ፣ ከጅራቱ ላይ ተነሥቶለት እንዲያድግ ቦታ ስጡት። ያልተቆረጠ ዓሣም በዚያው ሌዘር ሥር፣ ለዚያው ያህል ሰዓት ይቀመጥ። ሌዘሩ ራሱ ሕዋስ ሊጠራ ይችላልና።

በመጨረሻ ምን ቀረን? ወንድምና እህቶቹን በአንድ ሳህን አሳድገን፣ ደረጃቸውን ለክተን፣ መልሱን ሳናውቅ ስንቆጥር የኒውትሮፊሎቹ ቁጥር እኩል ነበር። ወደ ቁስሉ የሚደርሱትም እኩል ነበሩ። ሁለቱም ቅጂ የተበላሸባቸው ዓሣዎች ግን በቀጣዩ ቀን ሕዋሶቻቸው ከቁስሉ ቶሎ አይሄዱም ነበር። ከመጀመሪያው ግኝት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ናት። ነገር ግን ያው ጂን በሌላ ክፍሉ ላይ በተበላሸበት ሁለተኛ ዘር ላይም ተደገመች። ጤነኛውን ጂን ወደ ኒውትሮፊሎቹ ብቻ ስንመልስም ጠፋች። ጥናቴ የተጻፈው በእሷ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ውጤት ለአማካሪዬ “አይቆምም” ብዬ ለመናገር ሳምንታት ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ለአፍታ ዝም ብለው፣ “እንግዲህ አሁን ገና ጀመርን” አሉኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ዜና ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ቶሎ ንገሩ። በየቀኑ በቆየ ቁጥር ሌሎች ሰዎች ሥራቸውን በላዩ ይገነቡበታል።

ስለ ዓሣዎቹ ጤናና ስለ ዘራቸው ሳልናገር አላልፍም። ከሌላ ላብራቶሪ የመጣ ዓሣ በቀጥታ ከናንተ ዓሣዎች ጋር አይቀላቀል። ለብቻው ይቆይ፤ ዕንቁላሉ ታጥቦ ይግባ፤ የሚገባውም ልጁ እንጂ ራሱ አይሁን። ሱዶሎማ የተባለው የነርቭ ጥገኛ ግን በዕንቁላሉ ውስጥ ሊተላለፍ ስለሚችልና ስፖሩም የተለመደውን የበረኪና እጥበት ስለሚቋቋም ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ወላጆቹንም አስመርምሩ። ማይኮባክቴሪያም በዓሣ ቤቶች ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ናቸው። የመከላከያ ሕዋስ የምታጠኑ ሰዎች፣ ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ዓሣ ቤት መነሻችሁን ሁሉ ያዛባባችኋል። የዓሣ ተንከባካቢዎቻችሁን በየሳምንቱ “ምን አያችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ።

የሚያበሩት ዘሮችም በትውልድ ብዛት ሊደበዝዙ ይችላሉ። የገባው ጂን ቀስ በቀስ ዝም ይላል። የሚያበራው ሕዋስ ቁጥር ሲቀንስ ሕዋሱ የቀነሰ ይመስላል፤ የጠፋው ግን መብራቱ ነው። በየትውልዱ ደማቆቹን መርጣችሁ አርቡ። ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆጠራችሁን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በሱዳን ብላክ ቀለም፣ አመሳክሩ። የጥሩውን ትውልድ የወንዴ ዘር አቀዝቅዛችሁ አስቀምጡ። አንድ የፓምፕ ብልሽት በአንድ ሌሊት ዘር ሊያጠፋ ይችላል።

ከእጭ ወደ ትልቅ ዓሣ የምትሸጋገሩ ከሆነ ደግሞ የምታምኑትን ምልክት እንደ አዲስ ፈትሹት። ማክሮፌጅን ለማብራት የምንጠቀምበት ኤምፔግ1 በእጮቹ ላይ ጥሩ ነው። በ2020 የታተመ ጥናት ግን ባደገ ዓሣ ውስጥ አንዳንድ ቢ ሕዋሳትም ይህንኑ ጂን እንደሚጠቀሙ አሳየ። ያደገ ዓሣ ኩላሊት ፈጭታችሁ የሚያበራውን ሁሉ “ማክሮፌጅ” ብላችሁ ከለያችሁ ቢ ሕዋሳትም አብረው ተቆጥረዋል። ከመለየታችሁ በፊት ሁለተኛ ምልክት ጨምሩ፤ ሁለተኛው ምልክት ያለው ዘር ከሌላችሁም እስኪደርስላችሁ ድረስ ጥያቄውን በእጮቹ ላይ ብቻ ጠይቁ።